ከጅማ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

እዚህ ጅማ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክቱ እረዳለሁ። ሰሞኑን “ያላችሁን ጥያቄ ጣሉልኝ” ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መለስኩ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ዕድሉ ካመለጣቸው የከተማችን ልጆች ብዙዎቹ በውጤት አልወደቁም። ያስቀራቸው ወረቀትና ቀን ነው። ስለዚህ መልሶቼ ወደዚያ ቢያደሉ አይግረማችሁ።

ጋሼ፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤቴን ካየሁ በኋላ ብጀምር አይሻልም? (ከሄርማታ)

አይሻልም፣ አሁን ጀምሪ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ውጤቱ የሚታወቀው ደግሞ ጳጉሜና መስከረም አካባቢ። የአሜሪካ ኮሌጆች ነሐሴ ላይ ትምህርት ጀምረዋል፤ አውሮፓም በመስከረም ይከፍታል። ማመልከቻው የተዘጋው ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ቀደም ላለው ዙር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት እስከ ጥቅምት 22፣ ለመደበኛው ዙር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው። ማለትም ገና የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ሆነሽ፣ በ9ኛ፣ በ10ኛና በ11ኛ ውጤትሽ ታመለክቻለሽ።

ሁለተኛው መንገድ ማትሪኩን ጨርሶ፣ አንድ ዓመት ቆይቶ ማመልከት ነው። ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ነውርም የለውም። ግን ያቺን ዓመት በሥራ፣ በቋንቋ ወይም በበጎ ፈቃድ ሙያት። “ዓመቱን ምን ስትሠሪ ነበር?” መባሉ አይቀርም።

ታዲያ ማትሪኩን ችላ ብል ችግር አለው?

አለው። ከ50 በመቶ በታች ካመጣህ አገር ውስጥም መደበኛ ዩኒቨርሲቲ መግባት የለም። ውጭ ያሉትም የመጨረሻ ውጤትህን ይጠይቁሃል። ሁለቱንም አጥና።

ምንም ሳንከፍል የምንማርበት አገር የት ነው? (ይሄን የጠየቃችሁ በጣም ብዙ ናችሁ)

በደፈናው “ነጻ አገር” የሚባል የለም። ነጻ ዕድል ግን አለ። እኔ መጀመሪያ የማሳየው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕን ነው። ማመልከቻው በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ክፍት ይሆናል። የትምህርት ክፍያ፣ ዶርም፣ የወር የኪስ ገንዘብ፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትና የአውሮፕላን ቲኬት ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 70 በመቶ ይፈልጋሉ። ለሕክምና ግን 90።

የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም፣ ደግሞ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የሚዘጋው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው። ኦንላይን ማመልከት ብቻውን አይበቃም። የአገራችን ትምህርት ሚኒስቴርም እጩ አድርጎ ማቅረብ አለበት። ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወር የሚሰጠው 43,700 ፎሪንት ነው። ይህ ለወር ቀለብ እንኳ አይበቃም። ከቤት ትንሽ መደጎሚያ ከሌለ ልጁ ይቸገራል። የቻይና መንግሥትም ጥሩ ዕድል ይሰጣል፤ በቻይንኛ ለሚማር ግን መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ አለ።

“ጀርመን ነጻ ነው” የምትሉ፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ አይጠይቁም፣ ልክ ናችሁ። ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ለቪዛ የአንድ ዓመት ወጪ፣ 11,904 ዩሮ፣ ዝግ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጦ ማሳየት ተለምዷል። በዚያ ላይ በእኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ በቀጥታ አትገቡም፤ ስቱዲየንኮሌግ የሚባል የዝግጅት ዓመት አለ።

አሜሪካ ላይ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም። ከተቀበሉህ የጎደለህን ይሞሉልሃል። የሚቀበሉት ግን በጣም ጥቂት ነው። ስማቸው እምብዛም የማይሰማ፣ ገንዘብ ያላቸው ትንንሽ ኮሌጆችን አብራችሁ ፈልጉ።

እኔ አጋሮ አካባቢ ቡና አምራች ነኝ። ገንዘብ የሚገባኝ በዓመት አንዴ፣ ቡናው ሲሸጥ ነው። ልጄ “የባንክ ስቴትመንት ያስፈልጋል” ይለኛል። ኤምባሲው የእኔን ዓይነት ገቢ እንዴት ያየዋል?

አባቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት የእርስዎን ነው። የቪዛ ሰዎች የሚጠራጠሩት ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብን ነው። ስድስት ወር ባዶ የነበረ ሒሳብ ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ቢሞላ “ተበድረው ያስገቡት ነው” ይላሉ። የእርስዎ ገንዘብ ግን በአንድ ጊዜ የሚገባው በተፈጥሮው ነው። ስለዚህ የሚያስረዳ ወረቀት አብሮት ይኑር።

እሸት ቡናውን ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያስረክቡ የሚሰጥዎትን ደረሰኝ አይጣሉ። ለነጋዴ ሲሸጡም ገንዘቡን በእጅ አይቀበሉ፤ በባንክ ያስገባልዎት። የመሬት ይዞታ ደብተርዎን፣ የማኅበር አባልነት ማስረጃዎንና ግብር የከፈሉበትን ያዘጋጁ። የሁለትና የሦስት ዓመት ስቴትመንት ቢያሳዩ በየዓመቱ በዚያው ወቅት እንደሚገባ ራሱ ይናገራል። ልጁም ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠየቅ ሳይፈራ “አባቴ ቡና አምራች ነው፣ ገቢያችን ከመኸር በኋላ ነው” ይበል። “ነጋዴ ነው” ብሎ አያሳምር። ልጆቻችን እዚህ ላይ ለምን እንደሚያፍሩ አይገባኝም፤ ቡና ያሳደገው ሰው በቡና ያፍራል እንዴ?

ሌላም አለ። ልጅዎ “ከስኮላርሺፑ ሌላ በዓመት የቀረን 3,000 ዶላር ብቻ ነው” ቢልዎት በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ቀይረው፣ በአራት ዓመት አባዝተው ይዩት። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። የዛሬው ሒሳብ በሦስተኛው ዓመት ላይሠራ ይችላል።

ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው ስምና ፓስፖርቴ ላይ ያለው አንድ አይደለም። ችግር አለው? (ከኮቺ)

ትልቅ ችግር ነው፣ እኛ አካባቢ ደግሞ በብዛት አለ። ትምህርት ቤቱ ስምህን በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ይጽፋል፣ ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛው ልማድ ይገባል። ጫልቱ በቁቤ በ“ሲ” ትጀምራለች፤ ፓስፖርት ላይ “ሲኤች” ትሆናለች። ለእኛ ያቺው ጫልቱ ናት። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። መጀመሪያ የልደት ካርድህን አስተካክል። ፓስፖርቱን በእሱ መሠረት አውጣ። ከዚያ ትምህርት ቤቱን በፓስፖርቱ መሠረት እንዲጽፍልህ ጠይቅ። ቅደም ተከተሉን ካዛባህ ሁለት ጊዜ ትደክማለህ። ለፓስፖርት አዲስ አበባ መሄድ የለብህም፤ ኢሚግሬሽን ጅማም ቅርንጫፍ አለው።

ከስሙ እኩል የሚያጣላው የልደት ቀን ነው። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይር ሰው ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2000 የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2007 ነው የተወለደው። ጥር 5 ቀን 2000 ከሆነ ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 2008። አንዱ ወረቀት ላይ 2007፣ ሌላው ላይ 2008 ካለ ማስረዳት አበሳ ነው።

ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) እና አይኤልቲስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የግድ ናቸው? ጅማ ውስጥ መፈተን ይቻላል?

እንደ ኮሌጁ ነው። ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝና ብራውን ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲን እንደገና ግዴታ አድርገዋል። ሳይጠይቁ የሚቀበሉም ብዙ ናቸው። ኤስኤቲ አሁን በላፕቶፕ ወይም በታብሌት የሚሠራ፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከ1600 የሚታረም ፈተና ነው። ብሉቡክ የሚባለውን መተግበሪያ አውርዳችሁ በነጻ ተለማመዱ፤ ካን አካዳሚም በነጻ ያስጠናል። ለፈተናው አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዋዜማው ሌሊት ሳይሆን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ውጡ።

ለእንግሊዝኛ ብዙ ኮሌጆች ዱኦሊንጎ የሚባለውን የኦንላይን ፈተና ይቀበላሉ። ከአይኤልቲስ በጣም ይረክሳል፣ ቤት ተቀምጣችሁ በአንድ ሰዓት ትጨርሳላችሁ፣ ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል። ችግሩ መብራትና ኔትወርክ ነው። ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕ ተዋሱ፣ የስልክ ዳታ በተጠባባቂነት ያዙ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አይግባ። እናታችሁ “ቡና ፈልቷል” ብላ ብቅ ብትል ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል።

አንድ ኤጀንት 100 ፐርሰንት ስኮላርሺፕ አስገባለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀኝ።

አትክፈል። የቱርክም የሀንጋሪም ማመልከቻ ነጻ ነው፤ ራስህ ትሞላዋለህ። ደላላ ሊያስገባህ አይችልም፣ ፎርም ብቻ ነው የሚሞላልህ። የኢሜይልህን የይለፍ ቃልም ለማንም አትስጥ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መምህር አጣሁ። ሁሉም “አንተ ጻፈውና ልፈርም” ይሉኛል።

መምህራኑን አልፈርድባቸውም። አንድ ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ተማሪ እያለ ማንን ለይተው ያስታውሳሉ? አንተ አስታውሳቸው። በአንድ ገጽ፣ በእሳቸው ክፍል የሠራኸውን ፕሮጀክት፣ የጠየቅከውን ጥያቄ፣ ያሻሻልከውን ውጤት ጽፈህ ስጣቸው። ደብዳቤውን ግን እሳቸው ይጻፉት። ለአሜሪካ ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ለመምህሩ በኢሜይል ሊንክ ይልካል። ኢሜይላቸውን የማይከፍቱ መምህር ከሆኑ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አብራችሁ ክፈቱት። አማካሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የፎርሙን የአማካሪ ክፍል ዳይሬክተሩ ወይም ስም ጠሪ መምህርህ ሊሞላ ይችላል። ቢያንስ ወር ሲቀር ንገራቸው።

ድርሰቱን በኤአይ ባስጽፈውስ?

ሰዋስው ለማረም ተጠቀምበት። ድርሰቱን ግን ራስህ ጻፍ፤ አለዚያ የሺህ ሰው ድርሰት ይመስላል። “ድሃ ቤተሰብ ውስጥ ተወልጄ” ብለህም አትጀምር። የእናትህን የጉሊት ሒሳብ የምትይዘው አንተ ከሆንክ እሱን ጻፍ፤ ምን እንደከሰረችና ምን እንደለወጣችሁ ጨምረህ።

ልጄ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ማዶ መላክ ያስፈራኛል። (ከአንዲት እናት)

እናቴ፣ ሁለቱን ለየብቻ ልመልስልዎ። ለሕክምና ከሆነ አሜሪካ ከ12ኛ ክፍል ተነሥቶ በቀጥታ ሕክምና አይገባም። መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ትማራለች፤ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ነው፣ ውድም ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለሐኪምነት ጅማ ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ዕድል በር ላይ እያለ ዕዳ ገብቶ ውጭ መላክን አልመክርም። የእኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ማኅበረሰቡ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር የታወቀ ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ካገኘች ሌላ ነገር ነው።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ዶርም ይኑራት፤ የግል ኪራይ ቤት አይሁን። እዚያ ካሉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር ሳትሄድ በፊት ትነጋገር። እርስዎም ያነጋግሯቸው፤ እናት የምትጠይቀውን ልጅ አትጠይቅም።

ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። እየተማርኩ ላመልክት?

አገሩን ለይ። ለአሜሪካ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ኮርስ ከወሰድክ ብዙ ቦታ እንደ ትራንስፈር (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚዛወር ተማሪ) ነው የምትታየው፤ ለትራንስፈር የሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ ደግሞ ያነሰ ነው። የኮሌጁን ደንብ ሳታነብ ፎርም አትሙላ። ለቱርክ ግን ዕድሜህ ካላለፈና የ12ኛ ውጤትህ ከደረሰ እንደ ማንኛውም አመልካች ታመለክታለህ። ዋናውን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ሬጅስትራር ከመውሰዱ በፊት ስካን አድርገህ አስቀምጥ፤ በየመሀሉ ሄዶ ማስወጣት ቀላል አይደለም።