በ200 ካሬ ላይ ለሚሠራ የኪራይ ቤት ዲዛይነር እንዴት ይመረጣል?

ጠያቂያችን በሐዋሳ 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አራት ወይም አምስት አባወራ የየራሱ መግቢያ ኖሮት የሚኖርበት ጂ+2 ቤት ለመሥራት አስበው፣ ጥሩ ዲዛይነር ከየት እንደሚገኝና በቴሌግራም የሚሸጡት የተዘጋጁ ፕላኖች ይበቁ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ከወንድሞቼ ጋር በታቦር ክፍለ ከተማ ተመሳሳይ ቤት አሠርቼ በአንደኛው እየኖርሁ ሌሎቹን አከራያለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ለዘመድ ወዳጅ ስል ብዙ ፕላኖችን ተመልክቻለሁ። የምመክርዎ፣ ዲዛይነር ከመፈለግዎ በፊት ሰዎች ለጥቂት ዓመታት የኖሩበትን ጥሩ ቤት እንዲፈልጉና ከቤቱ ተነሥተው ወደ ነደፈው ባለሙያ እንዲሄዱ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለሠራተኛ የሚከራይ ቤት ፍላጎት ስለ ጨመረ፣ ብዙ አባወራ የሚይዙ ቤቶች በየሰፈሩ ተሠርተዋል፤ ስለዚህ የእርስዎን በሚመስል ቦታ ላይ የቆመ ቤት አያጡም። ከቦታዎ ጋር የሚቀራረብ ወርድ ያለውን ይምረጡና ተከራዮቹን ያነጋግሩ። በቀትር አምፖል ሳያበሩ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ፣ ከላይ የሚኖረው ሰው ወንበር ሲጎትት ምን ያህል እንደሚሰማ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሽታ ወደ ሳሎን ይገባ እንደሆነ፣ የአንዱ ቤት እንግዳ በሌላው ደጃፍ ሳያልፍ መግባት ይችል እንደሆነ ይጠይቋቸው። ባለቤቱን ደግሞ በግንባታው ጊዜ ከፕላኑ ምን እንደ ተለወጠና ለምን እንደ ተለወጠ ይጠይቁ፤ ግድግዳ ከቆመ በኋላ የፈረሰበት፣ በርም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የዞረበት ቤት ከሆነ፣ ፕላኑ በወረቀት ላይ ሳለ በቂ ሐሳብ አልተሰጠውም ማለት ነው። በኮምፒውተር የተሠራ የፊት ገጽታ ምስል ስለ እነዚህ ጉዳዮች ምንም አይነግርዎትም፤ አብዛኛው ሰው ግን ውል የሚፈርመው ያንን ምስል አይቶ ነው።

ይህን ያህል የማጠብቀው ጠባብ ቦታ የራሱ የሆነ ችሎታ ስለሚጠይቅ ነው። ደረጃውን ብቻ እንመልከት። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከፍታ ካለ፣ የማያደክም ደረጃ ወደ 18 እርከን ይከፈላል፤ መሐል ላይ ታጥፎ እንዲወጣ ተደርጎ ማረፊያዎቹ ሲጨመሩበት በየወለሉ ከ10 እስከ 11 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ይህም አንድ ደህና መኝታ ቤት ነው። በጠባብ ቦታ የሠራ ባለሙያ ደረጃውን በሁለት ቤቶች መካከል አስቀምጦ ከማረፊያው በቀጥታ ወደ ሁለቱም በሮች ያስገባል። ያልሠራበት ግን ደረጃውን ዳር ላይ ያደርግና እስከ መጨረሻው ቤት የሚወስድ ረጅም ኮሪደር ይጨምራል፤ ያንን ኮሪደር እርስዎ በየወለሉ ብረትና ሲሚንቶ ከፍለው ይሠሩታል፣ ኪራይ ግን የሚከፍልበት ሰው የለም። ቦታ ለመቆጠብ ሲል ደረጃውን እንደ መሰላል ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውንም አይቻለሁ፤ በእንዲህ ያለ ደረጃ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ወይም የውኃ ጀሪካን ይዛ እንዴት እንደምትወጣ አላሰበም።

ከደረጃው ቀጥሎ ብርሃን ነው። 10 ሜትር ወርድና 20 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ መሐል የሚወድቁት ክፍሎች ይጨልማሉ፤ በጎረቤት ወሰን ላይ በተጠጋ ግድግዳም መስኮት መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ዲዛይነሩ በጎን ወይም በመሐል ለብርሃንና ለአየር የሚተወውን ክፍት ቦታ ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ማሳየት አለበት። የመጸዳጃ ቤቶቹና የወጥ ቤቶቹ አቀማመጥ በየወለሉ አንዱ በሌላው ላይ የሚገጥም ከሆነ የቧንቧው መስመር አጭር ይሆናል፣ ሲበላሽም መጠገኑ ይቀላል። ስለ ወጥ ቤቱ ደግሞ በግልጽ ይጠይቁት፦ ምጣዱ የት ይቀመጣል? እንፋሎቱስ በየት ይወጣል? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ አራቱም ቤቶች አብረው ቢጋግሩ መስመሩ ያንን ሁሉ መሸከም አለበት። ልብስ የሚታጠብበትና የሚሰጣበት ቦታ በፕላኑ ላይ ከሌለ ተከራዩ በረንዳውንና ደረጃውን ለዚያ ማዋሉ አይቀርም።

የተዘጋጀ ፕላን መግዛትን በተመለከተ፣ ሐሳብ ለማግኘት ቢመለከቱት ጉዳት የለውም፤ ለግንባታ ግን አይሆንም። ያ ፕላን የእርስዎን የቦታ ወርድ፣ የመንገዱን አቅጣጫም ሆነ አፈሩን አያውቅም፤ ለግንባታ ፈቃድ ደግሞ ኃላፊነት የሚወስድ የተመዘገበ ባለሙያ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለውን በምድብ «ለ»፣ ከመሬት 12 ሜትር የሚያልፈውን በምድብ «ሐ» አድርጎ ነበር። የእርስዎ ጂ+2 በተለመደው ከፍታ ቢሠራ ከ12 ሜትር በታች ይቆያል፤ «አንድ ወለል እንጨምርበት» የሚል ምክር ሲመጣ ግን ምድቡ፣ የሚጠየቀው ባለሙያና ወጪውም አብረው ሊለወጡ እንደሚችሉ አስቀድመው ይወቁ። ሥራውን አንዱ ሠርቶ ሌላው ማህተሙን ብቻ የሚያሳርፍበት አሠራር መኖሩን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በእኔ እምነት ይህ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ስለዚህ ስሌቱን የሠራውን መሐንዲስ በአካል አግኝተው ያነጋግሩት።

ይህን የምለው ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ በብዙዎቻችን ትዝታ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በኪራይ ቤት ላይ የሚዘወተር አንድ አደገኛ አሠራር አለ፦ ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ ሳይኖረው በኮለን (በአርማታ ምሰሶ) ብቻ ይቆማል፣ ከላይ ያሉት ወለሎች ግን በብሎኬት ግድግዳ ይሞላሉ። ምድሩ ሲናወጥ ጉዳቱ የሚበረታው በዚያ በላላው ወለል ላይ ነው። መሐንዲሱን «ሱቅ ባደርገው ምን ትለውጣለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ስለ ኮለኖቹ መጠን፣ ስለ ብረቱ አስተሳሰርና የአርማታ ግድግዳ ስለ መጨመር የሚያስረዳዎት ከሆነ ሥራውን ያውቃል። «ምንም ችግር የለውም» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።

ስለ አፈር ምርመራ ራሱ አንሥቶ የማይጠይቅ መሐንዲስም አያሳምነኝም። ወደ ሐይቁ በተጠጉ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ በመሆኑ የመሠረቱም ሆነ የሴፕቲክ ታንኩ አሠራር በዚያው ልክ ይለወጣል፤ የአምስት አባወራ ፍሳሽ የሚይዝ ጉድጓድ በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ የት እንደሚቀመጥና የሚመጥጠው መኪና እንዴት እንደሚደርስበት ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። የውኃ ታንከሩንም እንዲሁ። አምስት ቤት በአራት በአራት ሰው ቢቆጠር፣ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ፣ ቀኑን 1,000 ሊትር ይሆናል፤ ውኃ ሦስት ቀን ቢጠፋ የሚያስፈልግዎት 3,000 ሊትር፣ ማለትም ከጣሪያ ላይ የሚቀመጥ 3 ቶን ነው። ይህ ክብደት በስሌቱ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ።

ውሉን በሁለት ቢከፍሉት ይሻላል። መጀመሪያ ለመነሻ ንድፍ ብቻ ይክፈሉ፤ ንድፉን ቤተሰብዎና አንድ ልምድ ያለው ፎርማን ከተመለከቱት በኋላ ከተስማማዎት ለሙሉ ሥራው ይፈርሙ። በሙሉ ሥራው ውስጥ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ፕላኖች እንዲሁም የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝር በስማቸው ይጠቀሱ። ባለሙያው መሠረቱ ከመሞላቱ በፊትና እያንዳንዱ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ከመሞላቱ በፊት ብረቱን በቦታው መጥቶ እንዲያይም በውሉ ይጻፍ፤ ለዚህ የሚጨምሩት ክፍያ የሚያስቆጭ አይደለም።

የቦታዎን የፊት ለፊት ወርድ፣ ሰፈሩንና መሬቱ ወደ የት እንደሚያዘቅዝቅ ቢጽፉልን፣ ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሠሩ የቡድናችን አባላት ቤታቸውን ሊያስጎበኙዎት ይችላሉ፤ የእኔም ደጅ ክፍት ነው።