ሐምሌ ያመጣቸው ጥያቄዎች፦ ቢጫ በቆሎ፣ የጠቆረ ቡና፣ የከሳ በሬ

ሰኔ ከገባ ወዲህ ከጅማና ከአካባቢዋ ወረዳዎች የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዝናቡን ይከሳሉ። ዝናብ ለጅማ እንግዳ አይደለም፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይጥላል፣ የዓመቱ ድምር ወደ 1500 ሚሊሜትር ይጠጋል። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ጉዳቱ የሚጀምረው ውሃው መውጫ አጥቶ ከተኛበት ወይም ፀሐይና ነፋስ ካልደረሰበት ቦታ ነው። መልሶቹንም ስታነቡ ይህን ልብ በሉ።

ከሰርቦ፦ *በቆሎዬ በመንገዱ በኩል ወገብ ደርሷል፤ ወደ ወንዙ ያለው ግን ቢጫ ሆኖ ጉልበት ላይ ቀርቷል። ዘሩም ማዳበሪያውም አንድ ነው። ግማሹ ዩሪያ ቤት አለ። አሁኑኑ ልጨምርለት?*

አሁኑኑ አይጨምሩ። መቆፈሪያ ይዘው ይውረዱና ከቢጫው አንድ፣ ከአረንጓዴው አንድ ተክል ከነአፈሩ ነቅለው ሥሩን በባልዲ ውሃ ይጠቡት። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። የታፈነ ሥር ቡናማ ሆኖ ይልፈሰፈሳል፣ በጣት ሲስቡት ቆዳው ተገፎ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል፣ የረግረግ ሽታም አለው። እንዲህ ያለ ሥር አየር ስላጣ ኩንታል ዩሪያ ቢደፉለት አይስበውም። ከዚያም በላይ ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ጋዝነት መለወጥ ይጀምራል። ገንዘብዎ ነው ወደ ሰማይ የሚወጣው።

ሥሩ ነጭ ሆኖ ተክሉ ቢጫ ከሆነ ቅጠሉን ይመልከቱ። ቢጫው ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ጀምሮ በመሃል ጅማቱ በኩል ወደ ግንዱ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ መሃሉ አረንጓዴ ከሆነ ፖታሲየም ጎድሎታል። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ከሆነ ደግሞ ፎስፈረስ ነው፤ የእኛ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ፎስፈረሱን ይዞ አይለቅም፣ እሱም በኖራ እንጂ በዩሪያ አይስተካከልም።

የእርስዎ ማሳ እንደ አገላለጽዎ የውሃ ጣጣ ይመስላል፤ ስለዚህ ቦዩ ይቅደም። ከላይ በኩል የሚገባውን ጎርፍ በማሳው ራስ ላይ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቦይ ይቁረጡት። ቦዩ ቁልቁል በቀጥታ ከወረደ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ሰያፍ ይሁን፣ ውሃው ይሂድ እንጂ አይሩጥ። የተኛውን ደግሞ በየአምስትና ስድስት መስመሩ መሃል ጠባብ ቦይ አውጥተው ያንጠፍጥፉት። ከዚያ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው ይመልከቱ፦ በጣቶችዎ መሃል ውሃ የሚወጣ ከሆነ ይጠብቁ፣ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ በአውራ ጣት ሲነኩት ከፈረሰ ጊዜው ነው።

መጠኑን እናስላ። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲሜትር ተዘርቶ ከሆነ ሩብ ሄክታር ላይ ወደ 11 ሺህ ተክል አለ። ለሩብ ሄክታር የተረፈዎት ዩሪያ 25 ኪሎ ከሆነ ለአንድ ተክል ሁለት ግራም ከሩብ ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ እንኳ አይሞላም። ከግንዱ አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ አድርገው ጠብ ያድርጉና ወዲያው አፈር ያልብሱት። ሳይለብስ ያደረ ዩሪያ ግማሹ ተኖ ያድራል ማለት ባይቻልም ጥቂት አይጠፋም። ጤዛ ሳይደርቅ አይበትኑ፤ ፍሬው ቅጠል ላይ ተጣብቆ ያቃጥለዋል። ሽልሻሎው በበሬ ከሆነ ያን እርጥብ ክፍል አያስገቡበት፣ ሥር ይቆርጣል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቀዋል፤ በመኮትኮቻ ይሁን። በቆሎው ጸጉር ካወጣ በኋላ ግን ዩሪያው የጆንያው አፍ ታስሮ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ለሚመጣው ዓመት ይቀመጥ።

ያ የወንዝ ዳር ለበቆሎ ከሆነ በየዓመቱ ያከራክርዎታል። እኛ ብንሆን ለጎደሬ ወይም ለዝሆኔ ሳር እንተወው ነበር።

ከጅማ ከተማ፦ *ሬዲዮው "ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል" ይላል። ገበሬ ይህን ምን ያድርገው?*

የወቅት ትንበያ የሦስት ወይም የአራት ወር ድምር ነው የሚናገረው፤ ድምሩ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ይነግርዎታል። በየትኛው ሳምንት እንደሚዘንብ አይነግርዎትም። ከመደበኛ በላይ በተባለ ክረምት መሃል አሥር ደረቅ ቀን ሊያጋጥም ይችላል፣ ተምችም የሚበረታው ያኔ ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን መግባቱ የተረጋገጠው መጤ ተምች በከባድ ዝናብ ጊዜ ትንንሾቹ ትሎች እየታጠቡ ይወድቃሉ፣ ሲያባራ ግን ይረባል። ስለዚህ የወቅቱን ትንበያ ዘርና ቦይ ለማዘጋጀት፣ በየአሥር ቀኑ የሚነገረውን ትንበያ ለዕለት ሥራ ይጠቀሙበት።

ከሁሉም የሚበጀው የራስዎ መለኪያ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ቦታ እንጨት ላይ ይሰሩ። በየጠዋቱ ውሃው ውስጥ ማስመሪያ ያስገቡና ያንብቡ፤ ዜሮው ከማስመሪያው ጫፍ የሚጀምር መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት 40 ሚሊሜትር ከጣለ አንድ ሄክታር ላይ 400 ሺህ ሊትር ወርዷል። ቦይ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ከአጋሮ፦ *የቡናዬ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፋል። ቅጠሉ ደህና ነው። ጎረቤቴ "ጎንድለው፣ ይታደሳል" ይለኛል።*

ቅጠሉ ደህና ሆኖ አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነጥብ ጀምሮ መላ ፍሬውን ካለበሰው፣ የቡና ፍሬ አድርቅ በሽታ ነው። አገራችን ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ፈንገሱ ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚሻገረው በዝናብ ጠብታ ፍንጣሪ ስለሆነ ደጋማና ጥላው የከበደ ማሳ ላይ ይከፋል። ዛፉ ከነቅጠሉ ጠውልጎ የሚደርቅ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ የቡና ዛፍ አድርቅ፤ እሱ ተነቅሎ እዚያው መቃጠል አለበት፣ የቆረጡበት ገጀራም ሌላ ዛፍ ከመንካቱ በፊት በእሳት ይለብለብ።

የጎረቤትዎ ምክር ያረጀ ቡናን ያድሳል፣ በሽታውን ግን አያድንም። ከጉንደላው የሚያቆጠቁጠው ያው ዛፍ ነው፣ ያው ዘር፣ ያው ድካም። በመዳብ የተሠራ የፈንገስ መድኃኒት ይረዳል፤ የሚረዳው ግን አበባው ከረገፈ ከአራት ሳምንት ገደማ ጀምሮ በየወሩ ሲረጭ ነው። ሐምሌ ላይ ፍሬው ጠቁሮ ካዩት በኋላ መርጨት ለዚህ ዓመት ብዙ አይመልስም።

አሁን ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። በማሳው ውስጥ እየዞሩ ሁሉንም ዛፍ ይዩ። ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ግማሽ ፍሬውን ሲያጣ ሌላው ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል። ንጹሑን በነጭ፣ ክፉኛ የተጠቃውን በቀይ ጨርቅ ይሰሩት። የጠቆረውን ፍሬ ለቅመው ያውጡ። ዋንዛውና ሳሳው ከልክ በላይ አጥልቶ ከሆነ አሳሱት፣ ነፋስ ይግባ። ቀይ የታሰረባቸውን ከለቀማ በኋላ ነቅለው በሽታውን በሚቋቋም ዝርያ ይተኩ። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110፣ 74112 እና 74158 ለዚሁ የተመረጡ ናቸው፤ ቁጥሩ በ74 የሚጀምረው ምርጫው በ1974 እ.ኤ.አ. ስለተካሄደ ነው። ጉድጓዱን በጥርና በየካቲት 60 በ60 በ60 ሴንቲሜትር አድርገው ይቆፍሩ፣ ሲቆፍሩ የላይኛውንና የታችኛውን አፈር ለይተው ያስቀምጡ፣ ሲሞሉ የላይኛው አፈር ከታች ይግባ። ችግኙ ዝናቡ ሲደላደል ይተከል።

ከአሰንዳቦ፦ *በመስከረም ለበሬዎቼ የትል ኪኒን ሰጠሁ። ጥር ላይ አንደኛው ከስቶ መንጋጋው ሥር አበጠ። መድኃኒቱ ፎርጂድ ነበር?*

ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳይሆን አይቀርም ብለን የምንጠረጥረው ጊዜውን ነው። መንጋጋ ሥር ያለው ለስላሳ እብጠት፣ ጠዋት ቀንሶ ማታ የሚጨምር ከሆነ፣ የጉበት ትል የተለመደ ምልክት ነው። ከጊቤ ውሃ ዳር የሚግጥ ከብት ላይ ይህን ማየት አያስገርምም።

የትሉ እንቁላል ከኩበት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ተፈልፍሎ ትንሿን የረግረግ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፣ ውስጧ ለሳምንታት ተራብቶ ይወጣና ውሃ ዳር ሳር ላይ ይጣበቃል። በሬው ያን ሳር ሲግጥ ይውጠዋል። ከዚያ ጉበቱን እየሰረሰረ የሐሞት ቱቦ እስኪደርስ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። እርስዎ የሰጡት አልቤንዳዞል ከሆነ (በገበያ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው) የሚገድለው ቱቦው ውስጥ የደረሰውን ትልቁን ትል ብቻ ነው። በነሐሴና በመስከረም የተዋጠው ኪኒኑ ሲሰጥ ገና ሕፃን ነበር፤ ኪኒኑ አለፈው፣ እሱም አደገ።

ስለዚህ አልቤንዳዞል ከሆነ በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ይስጡ። ትራይክላቤንዳዞል ካገኙ ትንንሹንም ስለሚገድል ኅዳር ላይ መስጠት ይቻላል። ሁለተኛው ዙር ዝናቡ ከመክበዱ በፊት ግንቦት ላይ ነው፤ ያ ዙር ለበሬው ብቻ አይደለም፣ እንቁላሉ ወደ ረግረጉ እንዳይገባ ነው።

ሌላው ስህተት በዓይን ገምቶ ማሳነስ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፣ ከትከሻው አጥንት እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ10840 ያካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲሜትር የሆነ በሬ 233 ኪሎ ይመዝናል። ትራይክላቤንዳዞል ለከብት በኪሎ 12 ሚሊግራም ስለሆነ 2800 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል፤ ባለ 900ውን ኪኒን ሦስት ከሰጡት ለጥቂት ይጎድላል። ስሌቱን ለእንስሳት ሐኪሙ ያሳዩት፤ የምትታለብ ወይም የያዘች ላም ካለች አስቀድመው ይንገሩት፣ ወተቱ ለሰው የማይሰጥባቸው መድኃኒቶች አሉና።

ከብቱን ከረግረጉ ማራቅ ካልቻሉ ቢያንስ ውሃውን በገንዳ ያጠጡ። ከውሃ ዳር ያጨዱትን ሳር እርጥቡን አያብሉ፤ በደንብ ከደረቀ ትሉ ይሞታል፣ በከፊል ደርቆ እርጥበት የያዘ ድርቆሽ ግን አያድንም። ለበዓል በሬ ሲታረድ ጉበቱን ቆርጠው ይዩት፦ ቱቦው ወፍሮ ቢላው ሲያልፍበት አሸዋ እንደነካ ከተንኮሻኮሸ፣ ወይም የቅጠል ቅርጽ ያለው ጠፍጣፋ ትል ከወጣ፣ የቀሩት ከብቶችዎም አለባቸው።

ከሰቃ ጨቆርሳ፦ *የዓመት ተኩል ወይፈን ጠዋት እያነከሰ ዋለ፣ በማግስቱ ሞተ። ጭኑ አብጦ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል። ሥጋውን ሰው ይበላል?*

አይበላም፣ ቆዳውም አይገፈፍ። የገለጹት አባ ጎርባን ይመስላል። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለውን፣ በተለይ የወፈረውን ይመርጣል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ዝናቡ አፈሩን ሲያገላብጠው ይነሳል። ያለማስጠንቀቂያ የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣ ከብት ካጋጠመዎት ደግሞ አባ ሰንጋ ነው ብለው ይያዙት። እሱ ሰውንም ይይዛል፤ ሬሳውን እንዳይከፍቱት፣ ወዲያው ለእንስሳት ክሊኒኩ ያሳውቁ። በሁለቱም ጊዜ ሁለት ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ኖራ ተነስንሶ፣ ከውሃ ርቆ ይቀበር። ውሻና ጅብ ካወጣው መቅበሩ ከንቱ ነው።

የቀሩትን ጥጆች ያስከትቡ። ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚመጣውን ዓመት በሚያዝያ ይጀምሩ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተያዘ ይበላሻል፤ በረዶ በሌለው ዕቃ ከመጣ አይቀበሉ።

ከየቡ፦ *ጫጩቶቼ ክንፋቸውን ጥለው ይቆዝማሉ፣ ኩሳቸው ደም አለበት።*

ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው፤ የሚያረባው እርጥብ ጉዝጓዝ ነው። አምፕሮሊየም 20 በመቶ ዱቄት በሊትር ውሃ 0.6 ግራም በጥብጠው ከ5 እስከ 7 ቀን ሌላ ውሃ ሳይሰጡ ያጠጡ፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠብጡ። ከዚያ ጉዝጓዙን ይጨብጡት፦ ሲለቁት እንደ ኳስ ከቀረ ሙሉውን አውጥተው በደረቅ ሰጋቱራ ወይም በጭድ ይተኩት፣ ወደ በቆሎ ማሳዎ ሳይሆን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይጨምሩት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጣሪያው አይደለም፣ ዶሮዎቹ ረግጠው ከሚደፉት የውሃ ዕቃ ነው። በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ አንጠልጥሉት።