«ራሳቸውን የሰለቡ» የተባሉት እነማን ናቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሕመም ምክንያት የዘር ፍሬዎቼ በቀዶ ሕክምና ወጥተዋል። ይህን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ «ስልብ» እያሉ ይሳለቁብኛል። መቁረብ እችላለሁን? በማቴዎስ ወንጌል 19፥12 «ራሳቸውን የሰለቡ» የተባሉትስ እነማን ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ አራት ኪሎ ከማታው ጉባኤ በኋላ የሰጠኸኝን እጥፍጥፍ ወረቀት ሳነብ፣ «ስልብ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዘህ እንደገና መጻፍህን አይቻለሁና ከቃሉ ልጀምር። «ሰለበ» በግእዝ ገፈፈ፣ ቀማ ማለት ነው። በአማርኛም የወንድን አባለ ዘር መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ የሰው ቅቤና እህል በረከት ይወስዳል የሚባለውን «ሰላቢ»፣ አደጋ የደረሰበትንም «የአደጋ ሰለባ» እንላለን። ባልደረቦችህ ሐኪሙ በሰውነትህ ላይ ያደረገውን ይዘው ክብርህን ሊገፍፉህ ፈልገዋል፤ የሰውነት ቁስልና የክብር መገፈፍ ግን የተለያዩ ናቸው።

ጌታችን በዚያ ቃል ከእናታቸው ማኅፀን ጃንደረባ ሆነው የተወለዱትን፣ ሰው የሰለባቸውንና ስለ መንግሥተ ሰማያት ራሳቸውን የሰለቡትን ጠቅሷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቁማቸው የሚነበቡ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ግን «መጋባት አይጠቅምም» ላሉት ደቀ መዛሙርት የተሰጠ መልስ በመሆኑ ፈቅደው በድንግልና የሚኖሩትን ያመለክታል። የእስክንድርያው መምህር አርጌንስ በወጣትነቱ ይህን ቃል በቁሙ ወስዶ በራሱ ላይ ፈጽሞታል ሲል የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ይተርካል። ፍትወት ግን የሚመነጨው ከልብ ነውና ምላጭ አይደርስበትም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓመት የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በመጀመሪያው ቀኖናው፣ በሕመም ምክንያት ሐኪም የቆረጠው ወይም አረመኔዎች የሰለቡት በክህነቱ ይጽና፣ ጤነኛ ሳለ ራሱን የሰለበ ግን ከክህነት ይታገድ ብሎ ደንግጓል። እንግዲህ ከክህነት ያላገደ ቁስል አንተን ከቊርባን እንዴት ያግድሃል?

በኦሪት ዘዳግም 23፥1 እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጉባኤ እንዳይገባ መከልከሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ለጃንደረባው ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ተስፋ ሰጥቶታል። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ የሆነው የአገራችን ሰውም በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ያነብ የነበረው ይህንኑ ነቢይ ነው፤ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ባለ ጊዜ ፊልጶስ ስለ ሰውነቱ አንዳች አልጠየቀውም።

ስለዚህ እንደማንኛውም ምእመን በንስሐና በጾም ተዘጋጅተህ ቁረብ። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ገና ካልሻረ ወይም መድኃኒት ላይ ከሆንህ፣ ስለ ጾሙ አስቀድመህ ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር።