ደግ ገዢ ለምትጠብቁ ልጆች

ልጆች፣ ከእናንተ ጋር ስናወራ አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። «አላህ አንድ ደግ ሰው ያምጣልን እንጂ ሌላው ይስተካከላል» ትላላችሁ። ምኞቱ ክፉ አይደለም፣ እኔም ዱዓ አደርጋለሁ። ግን ዕድሜዬን በኦዲት ሥራ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና የማምነውን ልንገራችሁ። አገር የሚፈርሰው ገዢው ከልካይ ያጣ ቀን ነው። ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብም አይደለም። አቡበክር የመጀመሪያው ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ «ደግ ከሠራሁ አግዙኝ፣ ከተሳሳትኩ አቅኑኝ» ማለታቸው ይተረካል። ከእሳቸው በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንቱን ያስጨነቀው፣ አቅኚው ማን ይሁን የሚለው ነው።

ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኸልዱን ነው። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በ1332 ቱኒስ ተወለደ። ወረርሽኝ እናት አባቱን ወሰደበት። ሱልጣኖችን አገለገለ፣ ሞሮኮ ውስጥ ፌዝ ከተማ ሁለት ዓመት ገደማ ታሰረ፣ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ሲንከራተት ኖረ። በኋላ ሰለቸውና ዛሬ አልጄሪያ በምንለው አገር አንድ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ በ1377 ሙቀዲማን፣ ማለትም የታሪክ መጽሐፉን መግቢያ ጻፈ። ሰው ሁሉ ከእሱ የሚጠቅሰው የዐሰቢያን ነገር ነው፤ ሰውን የሚያስተሳስረው የወገን ስሜት ሲጠነክር መንግሥት ይቆማል፣ በድሎት ሲላላ ይወድቃል፣ ሥርወ መንግሥትም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ትውልድ፣ ከ120 ዓመት አያልፍም የሚለውን።

እኔን የሚይዘኝ ግን የግብሩ ምዕራፍ ነው። መንግሥት ገና ሲነሳ ግብሩ ትንሽ፣ ገቢው ብዙ ነው ይላል፤ ሰዉ ሠርቼ እበላለሁ ብሎ ስለሚተጋ። ቤተ መንግሥቱ ድሎት ሲለምድና የወታደሩ ወጪ ሲበዛ ግብር በግብር ላይ ይደረባል፣ የገበያው ዕቃ ሳይቀር ይቀረጣል። ያኔ ገበሬው «ደክሜ ምን ላገኝ» ይላል። ግብሩ ወጣ፣ ገቢው ወረደ። ቀጥሎ የባሰ ይመጣል፤ ገዢው ራሱ ነጋዴ ይሆናል። በወደደው ዋጋ ይገዛል፣ በወደደው ዋጋ በግድ ይሸጣል። ከሱልጣን ጋር ማን ይፎካከራል? ነጋዴው ካፒታሉን ይጨርስና ሱቁን ይዘጋል፣ ይከፍል የነበረውም ግብር አብሮት ይቀራል።

ስለ በደል በጻፈበት ቦታ ደግሞ አንድ የቆየ የፋርስ ተረት ያመጣል። ንጉሥ ባህራም የጉጉት ጩኸት ሰማና ምን እንደምትል የሃይማኖት መሪውን ጠየቀው። ሰውየውም እንዲህ አለ፦ «ወንዱ ሴቷን ላግባሽ አላት። እሷ በባህራም ዘመን ከጠፉት መንደሮች ሃያ ስጠኝ አለችው። እሱም የንጉሡ ዘመን ይርዘም እንጂ ሺህ እሰጥሻለሁ አላት።» ንጉሡ ደነገጠ። ለብቻው ወስዶ ሲጠይቀው፣ መሬቱን ከሚያርሰውና ግብር ከሚከፍለው ነጥቀህ ሥራ ለማያውቁ ባለሟሎችህ ሰጠህ ብሎ ነገረው። ንጉሡም መሬቱን መለሰ።

ደስ የሚል ተረት ነው። ግን ንጉሡ ባይደነግጥስ? እዚህ ላይ ኢብን ኸልዱን አያጠግበኝም። የመንግሥትን ውድቀት እንደ ሰው እርጅና ያየዋል፣ መድኃኒት የለውም ባይ ነው።

ተማሪው፣ ግብፃዊው የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። (ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት መካ ላይ የሰማውን ጽፎ ያቆየልንም እሱ ነው።) የካይሮ ገበያ ተቆጣጣሪ ሹም ሆኖ ስለሠራ ዋጋና ሚዛን ያውቃል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግብፅን ረሃብ ሲመታት ዓባይ ጎድሎ ነበር፣ እሱም ይህን አይክድም። ከጥፋቶቹ ሁሉ ያስቀደመው ግን ሹመት በገንዘብ መሸጡን ነው። ተበድሮ ሹመት የገዛ ሰው ዕዳውን ከገበሬው ላይ ያወጣል። ከዚያ የመሬት ኪራይ መናሩን፣ ከዚያ ገበያውን ያጥለቀለቀውን የመዳብ ሳንቲም ጠቀሰ። ለእኔ ይህ ምርጥ የኦዲት ሪፖርት ነው።

መድኃኒቱን፣ ገዢውን በሕግ ማሰርን፣ የሞከረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኸይረዲን ነው። ከካውካሰስ በባርነት የተወሰደ ልጅ ቱኒዚያ ውስጥ ሚኒስትር ሆነ። በ1861 አገሪቱ ሕገ መንግሥት አወጣች፣ 60 አባላት ያሉት ታላቅ ምክር ቤትም ተቋቋመ። ኸይረዲን መራው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኸዝነዳር የሚስቱ አባት ነበር፣ የመንግሥትን ገንዘብም እንደፈለገ ያደርግ ነበር። ምክር ቤቱ ለይስሙላ መሆኑን ሲያይ ኸይረዲን በ1862 ለቀቀ። በዓመቱ ከፓሪስ ከባድ ብድር መጣ። ብዙም ሳይቆይ የነፍስ ወከፍ ግብሩ ከ36 ወደ 72 ፒያስተር፣ ማለትም እጥፍ ሆነ። በ1864 ሕዝቡ ተነሳ፣ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። በ1869 የውጭ አበዳሪዎች የገንዘብ ኮሚሽን አቋቁመው የአገሪቱን ገቢ ተቆጣጠሩ፤ በ1881 ፈረንሳይ ገባች።

በመካከሉ ግን ኸይረዲን በ1867 መጽሐፍ አሳተመ። በደል አገር ያፈርሳል የሚለውን የኢብን ኸልዱንን ቃል ይዞ፣ ሥልጣን በምክክርና በሕግ መታሰር አለበት፣ ይህም ከሸሪዓ አይጋጭም ብሎ ተከራከረ። በ1873 ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እናንተ የምትጠብቁት ደግ ሰው መጣ ማለት ነው። ብዙ ነገርም አስተካከለ። ግን የሚደግፈው ምክር ቤት አልነበረም። በ1877 የአገሪቱ ገዢ፣ ቤይ የሚባለው፣ ፊቱን ሲያዞርበት ሥልጣኑን ለቀቀ፣ የጀመረውም ተቋረጠ። ከታሪኩ ሁሉ ይህቺ ናት የምታንገበግበኝ።

እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ከዚህ ያንሳል፣ ዓይነቱ ግን ያው ነው። የአንዱን መሥሪያ ቤት የክፍያ ሰነድ ስንገልጥ፣ ደረሰኝ መኖር በነበረበት ቦታ «ከበላይ በተሰጠ የቃል ትእዛዝ መሠረት» የሚል ቁራጭ ወረቀት በስቴፕለር ተያይዞ እናገኝ ነበር። ከሥሩ የሦስት ሰው ፊርማ አለ። አዛዡ የለበትም።

እናንተ ነገ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። የቃል ትእዛዝ ሲመጣ «በጽሑፍ ይሰጠኝ» በሉ፤ በትሕትና፣ ግን በሉት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ይጥሏችኋል፣ ስለዚህ ከጎናችሁ ያለውን ባልደረባ አስቀድማችሁ አማክሩ። ደንቡን አንብባችሁ ግቡ። ኦዲት ላይ፣ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሥራ ስታገኙም ደመወዙ ትንሽ ነው ብላችሁ ቶሎ አትልቀቁ፤ ገዢን የሚይዘው እዚያ የሚቀመጠው ሰው ነው።