በካሬ ብቻ አትገምት
ወንድሜ፣ «120 ካሬ ቤት በስንት ያልቃል?» ላልከው፣ ካሬውን በአንድ ዋጋ ማባዛት ለመነሻ ያህል ነው። በእሱ ተማምነህ ቁፋሮ አትጀምር። መጀመሪያ ፕላኑን አሠራ። ከዚያ ባለሙያ የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝር ያውጣልህ። ለምሳሌ 120 ካሬ ወለል በ10 ሳንቲሜትር ውፍረት ሲሞላ 12 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ጠጠሩ ከዚህ ይሰላል። ብረትና ብሎኬቱም እንደዚያው ከፕላኑ ላይ ይሰላል።

ሰው የሚሸወደው ግን ፊኒሺንግ ላይ ነው። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሲለብስ ያለቀ ይመስላል፤ ገና ነው! ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቀለም... እዚህ ላይ ምርጫህ ወጪውን ሰማይ ሊያደርሰው ይችላል። አጥርና ሴፕቲክ ታንክም ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አፈሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ መሠረቱ ብቻውን ያስደነግጥሃል፤ ቀድመህ አስመርምረው። ከጠቅላላው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዝ።