ፊት ለፊቱን ዘይት ሲያልበው ጠርጋችሁ አትለፉ (ለወጣት መካኒኮችና ሹፌሮች)

ሰሞኑን አንድ ወጣት መካኒክ የሞተር ፎቶ ልኮ "ጋሼ ፊት ለፊቱን ትንሽ ያልበዋል፣ አይከፋም አይደል?" አለኝ። መልሱን ልጽፍለት ጀምሬ እየረዘመ ሲሄድብኝ በቃ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ፣ ታገሱኝ።

ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፣ ብሎን በናፍጣ ከማጠብ ነው የተነሳሁት፣ አሁን ዴንቨር ከመጣሁ 20 ምናምን ዓመት ሆነኝ። እዚህ የኛ ልጆች አሮጌ ዶጅ ራም ፒክአፕ ገዝተው ትሬለር ከኋላ አስረው መኪና ያመላልሳሉ፣ ብዙዎቹ ኮፈን ስር ያለው ባለ 5.9 ሊትሩ ከሚንስ የናፍጣ ሞተር ነው። በሞተሩ ክፉ አልናገርም፣ በተለይ ባለ 12 ቫልቩ ከያዙት የማይሞት ነገር ነው። ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1989 እስከ 2002 ገደማ በተሠሩት ላይ አንድ ተንኮል አለች፣ አሜሪካኖቹ "ገዳይዋ ፒን" ይሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊቱ ሽፋን ውስጥ የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ)፣ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና የናፍጣ ፓምፑ ማርሾች አሉ። ማርሾቹ የተቀመጡበት ቤት አሉሚኒየም ነው፣ ፋብሪካ ላይ ከብሎኩ ጋር ሲገጠም ቦታውን እንዲይዝ እርሳስ የምታህል የብረት ፒን ገብታለች። ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ይህ ነው የሚባል ሥራ የላትም፣ ችግሩ እሷን ራሷን ደግሞ የያዛት ነገር የለም! ናፍጣ ሞተር ደግሞ ታውቃላችሁ እድሜውን ሲንቀጠቀጥ ነው የሚኖረው፣ እሷም በዓመታት ትንሽ ትንሽ እያለች ትወጣለች። እድል ካላችሁ ወደ ዘይቱ ወድቃ ዝም ትላለች፣ ካልሆነ የካምሻፍቱ ማርሽ ይነክሳትና ቤቱን ይሰነጥቀዋል፣ ሲብስ ማርሹም አብሮ ይሄዳል።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን አንድ ሹፌር ፊት ለፊቱን ዘይት የሚያንጠባጥብ ራም ይዞ መጣ፣ ጭነት አለብኝ ቶሎ በል አለኝ፣ እኔም ፈጣን መባል ስለምወድ የክራንኩን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ጫፉን የሚያሽገውን ቀለበት) ከውጭ ነቅዬ ቀየርኩና ሽፋኑን ሳልከፍት ሸኘሁት። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ ከ11,000 ጫማ በላይ ወዳለው ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ሲወጣ ቆመበትና በተጎታች መጣ። ስከፍተው ቤቱ ተሰንጥቋል፣ ፒኗን በማግኔት አወጣኋት፣ አንድ ጎኗ በማርሽ ጥርስ ተበልቷል። ሰውየው አልተቆጣኝም፣ ዝም ብሎ ፒኗን እጁ ላይ እያገላበጠ "ይቺ ናት?" ነው ያለኝ። ከስድብ የባሰ ነበር። እቃውን ከኪሴ ገዛሁለት።

እና የፊቱን ሽፋን ለሲል ብላችሁ የምትነኩ ከሆነ ክፈቱት። ቬንትሌተሩን፣ ቤልቱንና ዳምፐሩን (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለውን ንዝረት አብራጅ) ካወጣችሁ የቀረው የሽፋኑ ብሎን ነው፣ ማርሾቹን እስካልነካችሁ ድረስ ታይሚንጉ (የማርሾቹ የእርስ በርስ አቀማመጥ) አይነካም፣ አትፍሩ። ከምንም በፊት ግን ከስር ወደ ዘይቱ የሚወርደውን ክፍት ቦታ በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ፣ አንድ ብሎን እዚያ ከገባች ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ፒኗ ወጥታ ከሆነ ቀስ አድርጋችሁ መልሳችሁ ምቷት፣ ከዛ አጠገቧ ካለው ብሎን ስር የቀዳዳዋን አፍ የሚሸፍን ትንሽ የብረት ቁራጭ አስገብታችሁ እሰሩባት፣ ኪቱ ርካሽ ነው ይሸጣል። እግረ መንገዳችሁን የቤቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ሞክሯቸው፣ ላልተው ታገኛላችሁ፣ እያወጣችሁ ሰማያዊውን ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) ቀብታችሁ መልሱ።

አሁን ማሸጉ ላይ ነው ልጆች የሚቸኩሉት። የድሮውን ሲሊኮንና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱት፣ በድሪል የሚሽከረከረውን ሻካራ ዲስክ አሉሚኒየም ላይ አታምጡብኝ፣ ዱቄቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ሲሊኮን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቀጭን መስመር ይበቃል፣ እንደ ኬክ ክሬም የምታፈሱት ሰዎች አላችሁ (ራሳችሁን ታውቃላችሁ)፣ ወደ ውጭ የወጣውን ታያላችሁ፣ ወደ ውስጥ የገባው ግን ተቆርጦ ወርዶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል።

ኦይል ሲሉን በተመለከተ እኔም ለረጅም ጊዜ ተሳስቻለሁ። በድሮው ልማድ ከንፈሩን ዘይት ቀብተን ነበር የምናስገባው፣ ይሄኛው ግን ደረቅ ነው የሚገባው፣ የክራንኩ ጫፍም ተጠርጎ ደርቆ። ጫፉን በጥፍራችሁ ዳብሱት፣ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱም ሲል ያፈሳል፣ ቦዩን የምትሸፍነውን ቀጭን የብረት ቀለበት አልብሱት። ሁሉን አድርጋችሁ እንደገና ካፈሰሰ የሞተሩን መተንፈሻ እዩ፣ ከተደፈነ ውስጡ ያለው ግፊት ዘይቱን የትም ይገፋዋል፣ ሲል ምን ያድርግ።

ደንበኛው "የሚሠራ መኪና ለምን ትከፍታለህ" ይላችኋል፣ ይበል። ብር ልትበሉት የመሰለው ሰው አለ፣ አትፍረዱበት፣ የበሉት ይኖራሉ። እኔ ያቺን የተነከሰች ፒን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለችኝ፣ እጁ ላይ አስቀምጥለትና ዝም እላለሁ።

ፎቶ የላክልኝ ልጅ፣ የመኪናውን ሞዴል ዓመት ጻፍልኝ። እስከዛው ግን ባለቤቱ ጭነት ይዞ ተራራ እንዳይወጣ ንገረው።