አዲስ ቤት ለገባችው እህታችን፦ የመሣሪያ ሳጥኑ ይቆይ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለራስሽ ቤት አበቃሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤትሽ ከገባሽ ሦስት ወር ሆኖሻል፤ የዕረፍት ቀንሽን ቤቱን በእጅሽ እየጠጋገንሽ ማሳለፍ ትፈልጊያለሽ። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ የመኝታ ቤቱ በር ሲዘጋ ይይዛል፣ መደርደሪያ መስቀልም አስበሻል። ከመቶ በላይ ዕቃ ያለውን የመሣሪያ ሳጥን ልግዛ ወይስ ከምን ልጀምር ነው ያልሽው። እኔ ቤቴን ከገባሁ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ከሥራ ውጭ ያለው ጊዜዬ የሚያልፈውም በዚሁ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ሳጥኑን አትግዢ። እኔ ገዝቼ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ሁሉም በየቦታው ተሰድሮ ልብ ይሰርቃል፣ ይገባኛል። ግን በእነዚህ ዓመታት ከዚያ ውስጥ ደጋግሜ ያነሳሁት ስድስት ሰባት ዕቃ ብቻ ነው። እነሱም ብረታቸው ለስላሳ ስለነበር የካቻቪቴዎቹ ጫፍ ቶሎ ተበላና አንድ በአንድ በሌላ ተካኋቸው። አሁን ሥራ ሲመጣ ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ፣ አቅሜ የፈቀደውን ጥሩውን እገዛለሁ። እንዲህ ካደረግሽ በዓመት ውስጥ ሳጥንሽ ቀስ እያለ ይሞላል፤ እያንዳንዱን ዕቃ ስታነሺው ደግሞ ምን እንደሠራልሽ ታውቂያለሽ።

ከሦስቱ በቧንቧው ጀምሪ። ውሃው ከተዘጋ የምታበላሺው ብዙ ነገር የለም፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ከመፍታትሽ በፊት ግን ማታ ከሥሩ ጆግ አስቀምጪና ጠዋት እዪው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፤ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ እንኳ ብዙ ውሃ ነው። የእኔ አንድ ሊትር የሚይዘውን ጆግ ሞልቶ ፈስሶ ነበር ያገኘሁት። ይህን ካየሁ በኋላ ጥገናውን ለሌላ ሳምንት ማሳደር አልቻልኩም።

ከመታጠቢያው ሥር ያለችውን መዝጊያ ዝጊ፤ ከሌለ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን። ከዚያ ቧንቧውን ክፈቺና በውስጡ የቀረው ውሃ ይውጣ። የመታጠቢያውን መውረጃ በጨርቅ ድፈኚው፤ ትንሿ ብሎን እጅሽ ላይ ተንሸራታ የምትሄደው እዚያ ነው። አንድ ነገር በፈታሽ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ የፈታሻቸውንም በወጡበት ተራ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሪያቸው። መልሰሽ ስትገጥሚ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሄድ ብቻ ይቀርሻል።

እንደ ድሮው እየዞረ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ፣ ከእጀታው በታች ያለውን ግንድ አፉ በሚሰፋና በሚጠብ መፍቻ ስታወጪው ጫፉ ላይ ክብ ጎማ ታገኛለሽ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። የመጀመሪያዬን አውጥቼ ስገለብጣት መሃሏ ላይ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ነበራት፤ በአንድ ጎኗ መስመሩ ተሰንጥቆ ጠርዟ ተነስቷል። ለወራት ሌሊት ሌሊት ስሰማው የነበረው ድምፅ ከዚያች ከጥፍር ከማትሰፋ ስንጥቅ የሚመጣ ነበር። ያን ቀን ቤቱ ይበልጥ የእኔ የሆነ መሰለኝ። አዲሷን ስትገዢ አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ከመግጠምሽ በፊት ደግሞ ጎማዋ የምታርፍበትን የነሐስ ጠርዝ በጣትሽ ዳብሺው፤ ከሻከረ ወይም ከተቦረቦረ አዲሷንም ቶሎ ይበላታል።

ባለ አንድ እጀታ፣ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ካርትሪጅ ነው፤ በውስጡ እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ዝርግ ክቦች አሉት። እሱ አይጠገንም፣ ሙሉውን አውጥቶ መቀየር ነው። ዓይነቱና ስፋቱ ስለሚለያይ እዚህም አሮጌውን ይዞ መሄድ ግድ ነው። እስክትጠግኚው ድረስ ቧንቧውን በኃይል አጥብቀሽ አትዝጊ፤ ያለቀች ጎማ በተጫንሽባት ቁጥር ይበልጥ ትቆረጣለች።

ስለ ካቻቪቴ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለዓመታት ሳላውቀው ብዙ ብሎን አበላሽቻለሁና። ባለመስቀል የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ፊሊፕስ ነው፤ ሄንሪ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ ለገበያ ያበቃው። ሌላው ፖዚድራይቭ ይባላል። የብሎኑን ራስ በደንብ እዪው፦ በመስቀሉ ክንዶች መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች ካሉበት ፖዚድራይቭ ነው። የፊሊፕሱን ጫፍ እዚያ ውስጥ ካስገባሽ የገባ ይመስላል፣ ስታጠብቂ ግን እየዘለለ ራሱን ይልጠዋል። በካቻቪቴው እጀታ ላይ «ፒኤች» (PH፣ ፊሊፕስ) ወይም «ፒዜድ» (PZ፣ ፖዚድራይቭ) ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር ቁጥር ታያለሽ፤ ከሁለቱም ባለ 2 ቁጥሩን ያዢ፣ የቤት ሥራሽን አብዛኛውን ይሸፍንልሻል።

በሩን በተመለከተ፣ መላጊያ ለማንሳት አትቸኩዪ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በጎኑ ያብጣል፣ በቁመቱ ግን ለውጡ እጅግ ትንሽ ነው። አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። እኔ እርጥበት በበዛበት ወቅት ልጌ ልጌ በሩ እንደ ልብ እንዲዘጋ አደረግኩ፤ ድርቁ ሲመጣ ግን በጠርዙ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት ቀረብኝ። የተላገ እንጨት አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ ብሎኖች ፈትሺ፤ እነሱ ሲላሉ በሩ በክብደቱ ዘንበል ይልና ጥጉ ይይዛል። ብሎኑ ባዶውን የሚዞር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው፤ ስንጥር እንጨት በኮላ ነክረሽ ሙዪበት፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጠሽ መልሰሽ አጥብቂ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ከያዘ፣ የበሩን ጠርዝ በጠመኔ ቀብተሽ ዝጊና ክፈቺው፤ በሩ የሚይዘው ጠመኔው የለቀቀበት ቦታ ላይ ነው። እዚያችው ላይ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጥቂት አሺ።

መደርደሪያው ለመጨረሻ ይሁን። ግድግዳሽ ከምን እንደተሠራ ሳታውቂ አትብሺ፤ በጣትሽ አንኳኪው። ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ከሰጠ ኮንክሪት ወይም ጡብ ነው፣ የከበሮ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ክፍት የሆነ የጂፕሰም ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ለጠንካራው ግድግዳ ፊሸር ይበቃል። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው የፈጠራ ሰው ከአርቱር ፊሸር ነው፤ የፕላስቲኩን ማቀፊያ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። ብሎኑ ሲገባ ፕላስቲኩ ወደ ጎን ተለጥጦ የቀዳዳውን ግድግዳ ይጨብጣል፣ መደርደሪያውን የሚሸከምልሽ ይህ መጨበጡ ነው። ስለዚህ ለ8 ሚሊሜትር ፊሸር የ8 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ ጥልቀቱም ከፊሸሩ ትንሽ በለጥ ይበል፣ አቧራውንም ጠርገሽ አውጪ። አቧራ የቀረበት ቀዳዳ ውስጥ ፊሸር አጥብቆ አይዝም። ክፍት ግድግዳ ላይ ግን ከሰሌዳው በስተጀርባ የሚዘረጋ ሌላ ዓይነት መያዣ ያስፈልጋል፣ ተራው ፊሸር ከነመጽሐፉ ይወርዳል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትይዩ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም አትብሺ፣ ሽቦ ሊያልፍ ይችላል። አግድሙን ደግሞ ከወለሉ ወይም ከጣሪያው እየለካሽ አታውጪ፣ እነሱ ራሳቸው ዘንበል ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውሃ ልክ ያዢ። ውሃ ልክ ርካሽ መሣሪያ ነው፣ እኔ ግን ካሉኝ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ድሪል ለአንድ መደርደሪያ ብለሽ አትግዢ፣ ተዋሺ። ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራ ሲመጣ የባትሪውን ብትገዢ፣ አንዱ ላይ 18 ቮልት ሌላው ላይ 20 ቮልት ተብሎ ስታዪ አትደናገሪ። ሁለቱም በአብዛኛው አምስት የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ተያይዘውበት ነው፤ 20 የሚለው ባትሪው ገና ሙሉ ሳለ የሚለካው ነው። ይልቅ ልብ ልትይ የሚገባው የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ በሌላው መሣሪያ ላይ አለመግጠሙ ነው። የመጀመሪያው ድሪልሽ ከዚያ በኋላ የምትገዢያቸውን ሁሉ ይወስናል፣ ስለዚህ ጊዜ ወስደሽ ምረጪ።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። ሶኬት ከመንካትሽ በፊት ብሬከሩን አጥፊ፣ ከዚያም ቴስተርሽን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ላይ ሞክሪው፣ ቀጥሎ በምትሠሪበት፣ ከዚያም እንደገና በመጀመሪያው ላይ። ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ «ኃይል የለም» ሊልሽ ስለሚችል ነው። ዋናውን የብሬከር ሰሌዳ ለባለሙያ ተዪለት። ማይክሮዌቭ ደግሞ በፍጹም አትክፈቺ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ደብተርም ይኑርሽ። የትኛውን ቀን ምን እንደፈታሽ፣ የካርትሪጁን ስፋት፣ የግድግዳውን ቀለም ቁጥር፣ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ ጻፊበት። የእኔ አሁን ሁለተኛ ደብተር ላይ ነው፤ ማታ ማታ ገልጬ ማንበብ ራሱ ደስ ይለኛል።

ለዚህ ሳምንት የሚያስፈልግሽ ሁለት ካቻቪቴ፣ መፍቻና ጆጉ ብቻ ነው። ቧንቧውን ስትፈቺ የውስጡን ፎቶ ለጥፊልን፤ ጎማ ይሁን ካርትሪጅ አይቼ ወዲያው እነግርሻለሁ።